ሟርት የተባለው ከረጢት

እንዳላማው መስተዋቱን ያየው ሳያስበው ነው። ማለዳ ምንጭ ወርዶ ፊቱን ታጥቦ ሲመለስ፣ አንዲት ወጣት ሴት እንስራዋን ድንጋይ ላይ አሳርፋ የአንገቷን ንቅሳት በትንሽ መስተዋት ስትመለከት መንገድ ላይ አገኛት። እንደ ጨዋ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሊያልፍ ሲል ከመስተዋቱ የተመለሰ የፀሐይ ጨረር ዓይኑን ወጋው። ቀና ብሎ ቢያይ መስተዋቱ መሐል ለመሐል ተበስቷል። እንዲህ ያለ መስተዋት ለጌጥ አይሠራም። በረሃ ላይ የወደቀ አይሮፕላን ነጂ በቀዳዳው እያነጣጠረ የፀሐይን ብርሃን ወደ ሰማይ እንዲልክበት፣ ሊፈልገው የመጣ ጓደኛው እንዲያየው ተብሎ የተሠራ ነው።

“እንደምን አደርሽ እቴ? መስተዋቱን ከየት አገኘሽው?”

“እግዜር ይመስገን፤ እንደምን አደሩ። ግራዝማች ናቸው የሰጡኝ። መሐሉን ማን እንደ በሳው እንጃ እንጂ ደህና አድርጎ ያሳያል” አለችና መስተዋቱን በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችው። ስሟ ወለላ ነው፤ የግራዝማች ወልደ ሚካኤል ጎረቤት ናት።

እንዳላማው ሌላ ነገር አልጠየቀም። ወደ ሜዳው ሮጠ።

ዘመኑ ፲፱፻፴፫ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ መጋቢት ነው። ደብረ ማርቆስ ገና በጣልያን እጅ ነበረች፤ ከቁይ በላይ ያለው ደጋ ግን የአርበኞች ነበር። ግራዝማች ወልደ ሚካኤል ሰዎቻቸውን ይዘው አንዱን የግጦሽ ሜዳ ድንጋዩን አስለቅመው፣ ጉብታውን አስደልድለው አይሮፕላን እንዲያርፍበት አድርገውታል። እንዳላማው ደግሞ ከወረራው በፊት አዲስ አበባ ላይ አይሮፕላን መንዳት ከተማሩት ጥቂት ልጆች አንዱ ነው። በስደት ሱዳን ቆይቶ፣ አሁን በአንዲት ትንሽ አይሮፕላን ለአርበኞች መድኃኒት እያመጣ ቁስለኛ እየጫነ ይመለሳል። ወደዚህ ሜዳ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነው።

የሚጭነው ቁስለኛ ድረስ ይባላል፤ ለግራዝማች አንድ ልጃቸው ነው። ከሉማሜ በላይ ከጣልያን ካሚዮን ጋር ሲታኮስ ጭኑን ተመትቶ ቁስሉ አመርቅዟል። ሱዳን ካለው ሐኪም ቤት ቶሎ ካልደረሰ አይተርፍም። በመካከል ያለው አገር ሰው የማይኖርበት፣ ውሃው የራቀ ቆላ ነው። እዚያ ላይ ሞተር ቢቆም ምን እንደሚመጣ እንዳላማው በዓይኑ አይቷል።

አይሮፕላኗን የሸፈነውን ቅጠል ገልጦ ከወንበሩ ጀርባ እጁን ሰደደ። ከረጢቱ የለም። በቦታው አንድ ብልቃጥ ጠበል ቆሟል፤ ከወንበሩ እግር ላይ ክታብ ታስሯል። ንዴቱ እስከ ጆሮው ወጣ።

ግራዝማች ከሜዳው ዳር ወይራ ሥር ጭራቸውን እያወዛወዙ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ድረስ ቃሬዛ ላይ ተጋድሟል፤ ጭኑ የታሰረበት የነጠላ ቅዳጅ ከቆሻሻ ብዛት መልኩ ጠፍቷል፤ ዝንብ ይዞረዋል።

“ግራዝማች፣ እንደምን አደሩ። ከወንበሬ ጀርባ የነበረው ከረጢት የት ገባ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን አደርህ ልጄ? ከረጢቱን አወረድሁት።”

“ማንን ጠይቀው አወረዱት?”

“የምን መጠየቅ ነው? ሜዳው ሜዳዬ፣ የሚሄደው ልጄ። ደግሞስ ስላየሁት ነዋ ያወረድሁት። ሰው ቁስለኛ ይዞ ሲነሣ መግነዝ ከኋላው ይሸጉጣል? ነጭ ጨርቅ በልክ በልክ ተቀዶ፣ እንደ ሬሳ መጠቅለያ ተጠቅልሎ፣ በዚህ በዓይኔ አየሁት!”

“መግነዝ አይደለም ግራዝማች! ፋሻ ነው፤ ቁስል ማሰሪያ ነው።”

“የቁስል በለው የሬሳ፣ መውደቅህን አስበህ የቀደድኸው ጨርቅ ነው። ውሃው፣ ክብሪቱ፣ ቀዩ ጨርቅ፣ ያ ፊሽካ፣ ሁሉም የመውደቅ ዕቃ ነው። ገና ሳትነሣ ‘ብወድቅ’ ትላለህ። እንዲህ ያለ ቃል ከሰው አፍ ሲወጣ የሚሰማ አለ። ልጄን በሟርት ላይ አላስቀምጥም። ጠበል አስቀምጬልሃለሁ፤ ክታብም አስሬልሃለሁ። በል እግዚአብሔር ይቅናህ፤ ተነሣ።”

አንባቢ ሆይ፣ ግራዝማች ክፉ ሰው አልነበሩም። ልጃቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይወዱ ነበር፤ ከረጢቱንም ያወረዱት በፍቅር ነው። የሚያናድደውም ይኸው ነው። በአገራችን በጥላቻ ከሚጠፋው በፍቅር የምናጠፋው ሳይበልጥ አይቀርም። እርጉዟ ለሚወለደው ሕፃን አንዲት ጨርቅ አታዘጋጅም፤ ሟርት ነው። ሕፃኑም ሲወለድ በተገኘ አሮጌ ጨርቅ ይጠቀለላል። ባለ ርስቱ ሽማግሌ ሳይናዘዝ ይሞታል፤ ስለ ኑዛዜ ማንሣት ሟርት ነውና ልጆቹ በወሰን ይጋደላሉ። ክፉ ቀን ስሙን ባለመጥራታችን የሚቀር እየመሰለን ባዶ እጃችንን ስንቀበለው እንኖራለን።

እንዳላማው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቁጣው ግን ዝቅ አላለም።

“ግራዝማች፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጎተራዎን በጥር ለምን ይሞላሉ? ሐምሌ ላይ እራባለሁ ብለው ማሟረትዎ ነው?”

“እህል ሌላ ነው። እህል የእግዜር ሥርዓት ነው።”

“ወገብዎ ላይ ያለው ዝናርስ? ጠላት ይገጥመኛል ብለው አይደል የታጠቁት?”

“እሱ ወንድነት ነው።” ግራዝማች ጭራቸውን ወዲያ ጣሉት። “አሁን ግን የልቤን ልንገርህ፤ አትቀየም። እኛ ከጣልያን ጋር ስንገጥም ለመትረፍ አንሰናዳም። ለመሞት ቆርጠን ነው የምንወጣው። አንተ ግን ብስኩት ሸክፈህ፣ ክኒን ቋጥረህ፣ መስተዋት ይዘህ የምትነሣ ሰው፣ ይቅር በለኝና፣ ልብህ ገና ከወዲሁ ሸሽቷል።”

አይሮፕላኗን ሊገፉ የተሰበሰቡት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። እንዳላማው በዚያች ደሳሳ አይሮፕላን የጣልያን አይሮፕላን በሚያንዣብብበት ሰማይ ብቻውን ከሱዳን የመጣ ሰው ነው። ፈሪ ተባለ።

“ለመሞት መቁረጥ!” አለ። “ለመሞት የቆረጠ ሰው መቼ አነሰን ግራዝማች? አገሩን ሞልቶታል፤ መቃብሩ ይመስክር። ያጣነው ሄዶ የሚመለስ ሰው ነው። እኔ ዛሬ ሳልመለስ ብቀር፣ ነገ ከዚህ ሜዳ ቁስለኛ የሚያነሣ ማነው? እርስዎ ይነዷታል? ሁለት ሆነን ነበር በዚህ መሥመር የምንመላለሰው። አሁን ብቻዬን ነኝ። እኔ የምሰናዳው ለራሴ ሆድ አይደለም፤ ድረስ ላይ ሞት የሚገባበትን በር ሁሉ ልዝጋ ብዬ ነው። እርስዎ ከፍተው ‘እግዚአብሔር ይቅናህ’ ይሉኛል!”

ግራዝማችም ተነሥተው ቆሙ። እንደዚህ የተናገራቸው ሰው ከአባታቸው በቀር አልነበረም።

“እንግዲያው ስማ! ነገር በምሳሌ አላበዛብህም፤ የሆነውን እነግርሃለሁ። በጥር ወር ሌላ አይሮፕላን ነጂ እዚህ ሜዳ አርፎ ነበር። ያ ረጅሙ፣ ሲስቅ ድዱ የሚታየው፣ ፈንታ የሚባል ልጅ። እሱም እንዳንተው ያለ ከረጢት ይዞ መጥቶ ነበር። አወረድሁት! ዕቃውን ለጎረቤት አደልሁት፤ መግነዙን ለድኻ ሬሳ እንዲሆን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ። መርቄ ላክሁት፤ ሄደ። በሰላም ሱዳን ገባ! ምን ሆነ? ንገረኝ እስቲ፣ ያለ ከረጢት በመሄዱ ፈንታ ምን ሆነ?”

ይህን ጊዜ እንዳላማውን የወለላ መስተዋት ትዝ አለው። የራሱ መስሎት ነበር፤ ለካስ የፈንታ ነው።

“ንገረኝ እንጂ!” አሉ ግራዝማች፣ የረቱ መስሏቸው።

“ከረጢቱን ማውረድዎን ነግረውት ነበር?” አለ እንዳላማው በቀስታ።

“አልነገርሁትም። ነገሩን ማንሣቱ ራሱ ሟርት ነው ብዬ። እሱም አላየም፤ የጣልያን አይሮፕላን ድምፅ ተሰምቶ ቁስለኛም ሳይጭን ተጣድፎ ነው የተነሣ።”

“ፈንታ ሱዳን አልገባም ግራዝማች። ሞቷል።”

ድረስ ከቃሬዛው ላይ ቀና ለማለት ሞከረ።

“ወድቆ ነው? ተከስክሶ ነው?” አሉ ግራዝማች።

“አይደለም። ተከስክሶ ቢሆን ኖሮ እዚህ ቆሜ ባልተቆጣሁዎ። ሞተሩ ቆላው ላይ ቆመ። ደረቅ ወንዝ ውስጥ አሸዋ ላይ አሳረፋት፤ ግሩም አድርጎ ነው ያሳረፋት። አንድ ጎማ ተሰበረ እንጂ እሱን አንዲት ጭረት አላገኘችውም። ጤነኛ ሰው ነበር። ውሃ አልነበረውም። እሳት የሚያነድበት ክብሪት አልነበረውም። ሸሚዙን አውልቆ እሾህ ላይ ሰቀለው፤ ነጭ ሸሚዝ በነጣ ሣር ላይ ከሰማይ አይታይም። ቀዩ ጨርቅ ቢኖር ይታይ ነበር። የመድኃኒት ቆርቆሮውን ክዳን በአሸዋ ፍቆ እንደ መስተዋት ሊያበራ ሞክሯል። ክዳኑን ከእጁ ላይ አግኝተነዋል።”

“ማን አገኘው?”

“መንገደኛ ነጋዴዎች፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ። ሲነግሩኝ አብሬያቸው ሄድሁ። ግን ከዚያ በፊት ስፈልገው ሰንብቼ ነበር። በላዩ ላይ በርሬ አልፌአለሁ ግራዝማች! አይሮፕላኗን የወንዙ ዳር ዛፍ ጋርዶብኝ ነበር። አንድ ነገር ሲያብረቀርቅ አይቻለሁ። ደብዛዛ ነበር፤ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ መስሎኝ አለፍሁት። የወለላ መስተዋት በእጁ ቢሆን ኖሮ ያ ብርሃን ዓይኔን በወጋው ነበር፤ ዛሬ ጧት እንደ ወጋው።”

እንዳላማው በዚህ አላበቃም።

“ከሬሳው አጠገብ ቆሜ ምን እንዳደረግሁ ያውቃሉ? ሰደብሁት። ከረጢቱን ረስቶ የሄደ መስሎኝ ‘አንተ ዝንጉ!’ አልሁት። ለጓደኞቻችን ሁሉ በዝንጉነቱ ሞተ ብዬ ነገርሁ። ስሙን አጠፋሁበት። ለካስ አልረሳውም። ለካስ በምርቃት ተቀምቶ ነው!”

ግራዝማች ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። በጦርነት ብዙ ሰው ሲሞት ያዩ ሽማግሌ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሞት ግን በእጃቸው አልፎ አያውቅም። ፈንታን ግንባሩን ስመው እንደ ሸኙት ትዝ አላቸው፤ ሲስቅ ድዱ ታያቸው። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው ጭኑ ላይ ያለውን የቆሸሸ ቅዳጅ ተመለከቱ፤ ዝንቡንም አዩ።

“እኔ ነኛ” አሉ። “ጣልያን ያላገኘውን ልጅ እኔ ገደልሁት።”

ማንም “አይደለም” አላላቸውም። እንዳላማውም ሊያጽናናቸው አልፈለገም፤ ዛሬም ቢሆን ፍርዱ ልክ ነበር እላለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በማጽናኛ ቃል ተሸፍኖ ሲያልፍ ነው ለከርሞ የሚደገመው።

ግራዝማች ግን ተቀምጠው የሚያለቅሱ ሰው አልነበሩም። ንዴታቸው አሁን በራሳቸው ላይ ዞሮ አስነሣቸው።

“አይናዲስ!” ብለው ወደ ቤታቸው ተጣሩ። “የልጁን ከረጢት አውጪው! እንዳለ አውጪው፤ ያንን የቀድሞውን ባዶውንም አምጪው! ወለላን ጥሩልኝ! ከፈንታ ዕቃ የወሰደ ሁሉ አሁኑኑ ይመልስ፤ የደበቀ ከእኔ ጋር ይጣላል!”

ራሳቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። ለድኻ መቀበሪያ ከሰጡት ፋሻ የተረፈውን ይዘው ሲመለሱ ላብ አጥምቋቸው ነበር። ወይዘሮ አይናዲስ፣ ባለቤታቸው፣ ሁለቱን ከረጢቶች በትከሻዋ አንጠልጥላ መጣች። የእንዳላማው እንደ ተሞላ ነው፤ የወረደው ገና ትናንት ማታ ስለሆነ የታደለ ነገር አልነበረውም። የፈንታው ግን ባዶውን ነው፤ የሽንብራ ዘር ተቀምጦበት ኖሯል። ከሰፈሩም ኮዳው ተመለሰ፤ አረቄ አረቄ ይሸታል። ቀዩ ጨርቅ ከአንዱ ሙሽራ በቅሎ ግላስ ላይ ተፈትቶ መጣ። ወለላ መስተዋቱን ከመቀነቷ ፈትታ ስታቀብል አንገቷን ደፋች።

“አላወቅሁም ጌታዬ” አለች።

“አንቺ ምን አጠፋሽ!” አለ እንዳላማው፣ ቁጣው አሁንም ሳይበርድ።

መጀመሪያ ያደረጉት የድረስን ቁስል ማጠብ ነበር። ውሃ ፈልቶ፣ ጨው ገብቶበት፣ ቁስሉ በእንዳላማው እጅ ታጠበ፤ አዮዲንም ተቀባ። ያ ግራዝማች መግነዝ ነው ያሉት ነጭ ጨርቅ በልጃቸው ጭን ላይ ሲጠመጠም ወይዘሮ አይናዲስ ባሏን ቀና ብላ አየቻቸው።

“ይህ ጨርቅ ከጥር ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጦ ነው የልጄ እግር በነጠላ ቅዳጅ ሲበሰብስ የከረመው?” አለች።

ግራዝማች ተንበርክከው የልጃቸውን እግር ደግፈው ያዙ።

ከዚያ እንዳላማው ከረጢቱን በፊታቸው እያወጣ እየመለሰ የእያንዳንዱን ዕቃ ጥቅምና ቢወድቁ የሚደረገውን ለአባትም ለልጅም ነገራቸው። ግራዝማች አሁን እንደ ተማሪ ነበር የሚያዳምጡት፤ አንዳንዴ ግን ዝም ማለት አቃታቸው።

“ይህ ቆርቆሮ ምንድን ነው?”

“የታሸገ ሥጋ ነው።”

“በሁዳዴ? ደግሞስ በቆላ ሐሩር ጨዋማ ሥጋ የበላ ሰው ውሃ ውሃ አይለውም? አይናዲስ፣ በሶ አምጪ። በሶ ባንድ ጭልፋ ውሃ ሰው ያቆማል። ትንሽ ማርም ጨምሪበት።”

እንዳላማው አሰበበትና ቆርቆሮውን አወጣ። ሽማግሌው በዚህ ልክ ነበሩ፤ ልክ መሆናቸውንም ሳይሸሽግ ነገራቸው።

“ጠበሉስ?” አሉ ግራዝማች ፈራ ተባ እያሉ። “እሱንም ታወርደዋለህ?”

“ጠበሉን ለምን አወርዳለሁ? እኔም ክርስቲያን ነኝ። ከረጢቱ ከጎኑ ይቀመጥ እንጂ ጠበሉ አላስቸገረኝም።”

ድረስን አንሥተው ከኋላው ወንበር አስቀመጡት። ፀሐይ ሳትበረታ፣ የጣልያን አይሮፕላንም ሳትመጣ መነሣት ነበረባቸው። ግራዝማች ግን የአይሮፕላኗን ክንፍ ይዘው አልለቅም አሉ። ፊታቸው ጠቁሯል። ያ ከአፋቸው እንዳይወጣ የፈሩት ቃል ሲታገላቸው ይታይ ነበር።

“ድረስ” አሉ። “ብትወድቁ… ብትወድቁ ምን ታደርጋለህ?”

ልጁ ደነገጠ። “አባባ፣ ተው እንጂ፤ ይህን ቃል…”

“ስጠይቅህ መልስ! ብትወድቁ ምን ታደርጋለህ?”

“ከአይሮፕላኗ አንርቅም።”

“ለምን?”

“ከሰማይ ሲያዩ ከሰው ይልቅ እሷ ቶሎ ትታያለች።”

“ውሃውንስ?”

“ቀን ጥላ ሥር ተቀምጠን በጥቂት በጥቂቱ እንጠጣለን። በፀሐይ አንጓዝም።”

“ቀዩን ጨርቅ?”

“ገላጣ ቦታ ዘርግተን ጫፍ ጫፉን ድንጋይ እንጭንበታለን።”

“የሞተር ድምፅ ብትሰማስ? መስተዋቱን?”

“በቀዳዳው አይሮፕላኗን እያየሁ ፀሐይዋን ወደ ነጂው ዓይን እልካለሁ።”

“እንደገና በል። ከመጀመሪያው ጀምር።”

ድረስ እንደገና አለው። አርበኞቹ ከበው ሰሙ። ከመካከላቸው አንዳንዱ ያ ቃል በተነሣ ቁጥር ያማትብ ነበር፤ ግራዝማች ግን ልጃቸው ሳይሳሳት እስኪጨርስ ክንፉን አልለቀቁም። ከዚያ ግንባሩን ሳሙት። እንዳላማውንም ሊስሙት ተጠግተው ቆም አሉ።

“ለጓደኞችህ ንገርልኝ” አሉት። “ፈንታ ዝንጉ አልነበረም በላቸው። ከረጢቱን የወሰደበት ወልደ ሚካኤል ነው በላቸው፤ ስሜን ጥራ።”

“እነግራቸዋለሁ ግራዝማች። ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝና እኔው እመልሰዋለሁ።”

አይሮፕላኗ ሜዳውን ጨርሳ ተነሣች፤ ወደ ምዕራብ ዞረችና ከዓይን ጠፋች።

ያን ቀን አልወደቀችም። በሰላም ገባች፤ ድረስም ዳነ። ዛሬም ትንሽ ያነክሳል እንጂ በሬውን ጠምዶ ያርሳል። ጠላት ደብረ ማርቆስን ለቆ እስኪሄድ እንዳላማውም ሆነ በኋላ የመጣ ነጂ ሁሉ በዚያ ሜዳ ሲያርፍ ከረጢቱን ከፍቶ ለግራዝማች ሳያሳይ አይነሣም ነበር። በሶው ካረጀ ወይዘሮ አይናዲስ ትለውጠዋለች፤ የኮዳውን ውሃ ግራዝማች ራሳቸው ይቀዱታል። ጦርነቱ ካለቀም በኋላ ጎረቤታቸው ወለላ ስታረግዝ፣ ሰው ምን ይለኛል ሳትል የሕፃኑን ጨርቅ አስቀድማ አጥባ፣ አስጥታ፣ አጣጥፋ አስቀመጠች። ግራዝማችም ካህን አስጠርተው በጤናቸው ተናዘዙ።

የቀድሞ ልማድ ግን ባንድ ጊዜ አይለቅም። ድረስ በእግሩ ቆሞ በተመለሰ ቀን ለደስታው ከተሰበሰቡት ዘመዶች አንዱ፣ ጠላው ሞቅ አድርጎት፣ “ግራዝማች፣ ያ ሁሉ ጭንቀት በከንቱ ነበር እኮ! አይሮፕላኗ እንደሁ አልወደቀች፤ ከረጢቱን የነካው የለ። ታዲያ ምን አደረገ?” አላቸው።

ግራዝማች ዋንጫቸውን ቁጭ አደረጉ።

“እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?” አሉት። “ቆላ ውረድና ፈንታን ጠይቀው።”